ፐብጂ በስልክ ወይስ በኮምፒውተር? ከደብረ ብርሃን ውርጭ እስከ ሸዋ ሮቢት ሙቀት

ከመስከረም ጀምሮ ፐብጂን፣ ብዙ ሰው አንድ ካርታ ላይ ወርዶ የመጨረሻው እስኪቀር የሚታኮስበትን ጨዋታ፣ በስልክም በኮምፒውተርም እየተጫወትኩ ነው። ስልኩ መካከለኛ ዋጋ ያለው አንድሮይድ ነው፤ ራሙ 6 ጊጋ። ኮምፒውተሩ ከአዲስ አበባ የመጣ ያገለገለ ጌሚንግ ላፕቶፕ ነው፤ ግራፊክስ ካርዱ ጂቲኤክስ 1650። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። እህቴ ሸዋ ሮቢት ስለምትኖር እዚያም እመላለሳለሁ። የምኖርበትን የምነግራችሁ ለጨዋታው ስለሚያገባው ነው። አንደኛው ከተማ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ሌላኛው 1,300 ገደማ ላይ። መሃላቸው ያለው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ለስልክ ግን ሁለት አገር ናቸው።

መልሱን ቶሎ ለምትፈልጉ፦ ብቻውን ለሚጫወት ኮምፒውተር ይሻላል፣ ከጓደኞቹ ጋር ለሚጫወት ስልክ። ኮምፒውተር ላይ የስልኩን ጨዋታ የሚያስነሳው ኢሙሌተር ደግሞ የሁለቱንም ችግር ይዞ ይመጣል። አሁን ወደ ዝርዝሩ።

በመጀመሪያ ነገሩን እንለየው። ብዙ ሰው «ፐብጂ ኮምፒውተር ላይም አለ» ሲባል ያው የስልኩ ጨዋታ በትልቅ ስክሪን ይመስለዋል። አይደለም። የኮምፒውተሩ ነው ቀድሞ የወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ2017። የስልኩ በ2018 ተከተለ። ሁለቱ አይገናኙም። ስልክ ላይ የደረሳችሁበት ደረጃ፣ በዩሲ (በጨዋታው ገንዘብ) የገዛችሁት ልብስ፣ የጓደኞቻችሁ ዝርዝር፣ ኮምፒውተሩ ላይ አንዱም የለም። ከዜሮ ነው የምትጀምሩት። ስልክ የያዘ ጓደኛችሁንም ኮምፒውተር ላይ ሆናችሁ ስኳድ (ቡድን) ውስጥ ማስገባት አትችሉም። የኮምፒውተሩ ድሮ በገንዘብ ይሸጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ወዲህ ግን ስቲም በሚባለው የጨዋታ መደብር በኩል በነጻ ይወርዳል። በነጻ ማለት እንግዲህ ዲስክ ላይ 40 ጊጋባይት ቦታ ላለው፣ ያን ለማውረድ የሚበቃ ኢንተርኔትም ላለው ነው።

ካርታው ኤራንጀል ሁለቱም ላይ አለ። ስምንት በስምንት ኪሎ ሜትር፣ እስከ 100 ሰው። ቤቶቹም በአብዛኛው ያው ናቸው። አጨዋወቱ ግን ሌላ ነው።

ፖቺንኪ በምትባለው የኤራንጀል ከተማ ውስጥ አንድ ቤት ፎቅ ላይ ቆማችኋል እንበል። ከታች ኮቴ ይሰማል፤ ሰውየው ደረጃውን እየወጣ ነው። ስልክ ላይ ግራ አውራ ጣት ስክሪኑ ላይ ያለው መራመጃ፣ ጆይስቲኩ፣ ላይ ነው፣ ቀኝ አውራ ጣት እይታውን ያዞራል። ታዲያ መተኮሻውን ማን ይጫነው? በሁለት አውራ ጣት ብቻ የሚጫወት ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሞተው። እየዞረ አይተኩስም፣ እየተኮሰ አይዞርም። ለዚህ ነው ልጆቹ ስልኩን እንደ ጭልፊት ጥፍር በአራት ጣት የሚይዙት። ጋይሮ የሚያበሩም አሉ፤ ስልኩን ዘንበል ባደረጉ ቁጥር ዒላማው አብሮ ይንቀሳቀሳል። ጋይሮን ለመልመድ ጊዜ ይፈጃል፣ ከለመዱት በኋላ ግን ያለሱ መጫወት አይቻልም።

ኮምፒውተር ላይ ያው ሰውዬ ያንኑ ደረጃ ሲወጣ ግራ እጅ ኪቦርዱ ላይ፣ ቀኝ እጅ ማውሱ ላይ ነው። በኪው ወይም በኢ ቁልፍ ከግድግዳው ትንሽ ዘንበል፣ ዒላማ፣ ተኩስ። ሁሉም በአንዴ። ጣት ስክሪኑን ስለማይሸፍን የምታዩትም ሙሉ ነው። ስልክ ላይ የስክሪኑን ሲሶ የሚይዘው የራሴ ጣት መሆኑን ያወቅኩት ኮምፒውተር ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

ማየት ቀለለ ማለት መግደል ቀለለ ማለት ግን አይደለም። ኮምፒውተሩ ላይ ጠመንጃው በጣም ይዘላል። ስልኩ ላይ ኤም 416 ይዤ ጥይቱን አንድ ቦታ ላይ እለቅ የነበርኩት ሰውዬ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሰማይ ነው የምመታው። ስልኩ ዒላማን የሚያግዝ ነገር አለው፣ ፋሻውንም ጥይቱንም ራሱ ያነሳልሃል። ኮምፒውተሩ ላይ ግን አንድ በአንድ ራስህ ነህ የምታነሳው። የሚገጥሙህም ሰዎች ዓመታት የቆዩበት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከየት እንደተመታሁ እንኳ ሳላውቅ ነበር ወደ ሎቢ (ወደ መጠበቂያው ገጽ) የምመለሰው። ትዕግስት የሌለው ሰው እዚያው ላይ ይተወዋል። እኔ ያቆየኝ ድምጹ ነው። በጥሩ ሄድፎን የኮቴው አቅጣጫ፣ የሰውየው ከላይ ወይም ከታች መሆን፣ ሁሉም ይለያል። ስልኩ ላይም ድምጹ መጥፎ አይደለም፤ ይሄኛው ግን ሌላ ነው።

አሁን ወደ አየሩ። በኢንተርኔት ላይ ያሉ ግምገማዎች በሙሉ ስልክ ሲጫወቱበት ይግላል ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ግን ደብረ ብርሃን መጥተው አያውቁም። ህዳር፣ ታህሳስ፣ ጥር ማታ ማታ እዚህ ስልክ አይግልም። ሲግል ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማብረድ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ጨዋታውም መንቀራፈፍ ይጀምራል። እኔ ጋ በእነዚያ ወራት ይሄ ችግር የለም፤ ከመጀመሪያው ጨዋታ እስከ መጨረሻው ፍሬሙ (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) አይወርድም። የሚንቀራፈፈው ጣት ነው። ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት አውራ ጣት ይደነዝዝና መተኮሻውን የነካህ ይመስልሃል፣ አልነካህም። ጓንት እንዳይደረግ ስክሪኑ ጓንት አያውቅም። እኔ የሱፍ ጓንቴን የሁለቱን አውራ ጣትና የሁለቱን ጠቋሚ ጫፍ በመቀስ ቆረጥኩት። መልኩ ያስቃል፣ ይሰራል። ብርዱ ባትሪም ይበላል፤ 30 በመቶ ያለው ስልክ ድንገት 20 ውስጥ ይገባል።

ላፕቶፑ በተቃራኒው ነው። ጨዋታው ሲከፈት በጎኑ የሚያወጣው ሙቅ አየር ቀኝ እጄ ላይ ይመጣል። ጋቢ ደርቦ፣ ማውስ ይዞ፣ በዚያ ሙቀት መጫወት የደብረ ብርሃን ሰው ብቻ የሚያውቀው ድሎት ነው። ማራገቢያውም እዚህ እምብዛም አይጮህም።

ሸዋ ሮቢት ስወርድ ሁሉ ነገር ይገለበጣል። ያው ስልክ፣ ያው ሴቲንግ። የመጀመሪያው ጨዋታ ሰላም ነው። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ስልኩ ጀርባው ይቃጠላል፣ ብርሃኑ በራሱ ይደበዝዛል፣ ፍሬሙ ይወርዳል። ጣት ያልበዋል፣ ስክሪኑ ላይ ይጣበቃል። ቻርጅ ላይ ሰክቶ መጫወት ደግሞ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። እዚያ ግራፊክሱን ስሙዝ ወደሚባለው ዝቅተኛ ደረጃ አውርጄ፣ ሽፋኑን አውልቄ፣ ማታ ብቻ ነው የምጫወተው። የእህቴ ልጆች ስልካቸውን እንዲበርድ የሸክላ ውሃ ማሰሮ አጠገብ ያሳርፋሉ፤ እንደሱ አታድርጉ። ላፕቶፑን ወደዚያ አልወስደውም። አንዴ ወስጄው ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ሲጮህ እህቴ «ይሄ ነገር ሊፈነዳ ነው እንዴ?» አለች።

መንገድ ላይ የመጫወት ሐሳብ ያላችሁ፣ ተዉት። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ ስትገቡ ኔትወርኩ ይሰናበታችኋል፤ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ጥምዝምዝ መንገድ ደግሞ ስክሪን ለሚያይ ሰው ሆድ አይራራም።

መብራትና ኔትወርክ። እዚህ ስልክ ያለ ክርክር ያሸንፋል። መብራት ሲሄድ ስልክ አያውቀውም። ላፕቶፕም ባትሪ አለው ትሉ ይሆናል። አለው፣ ግን ጌሚንግ ላፕቶፕ ከሶኬት ሲነቀል ግራፊክስ ካርዱ ሙሉ ኃይሉን አያገኝም። ከ60 በላይ የነበረው ፍሬም በቅጽበት ግማሽ ይሆናል። በዚያ ላይ ዋይፋዩም አብሮ ጠፍቷል። ሆትስፖት ከፍታችሁ፣ ተመልሳችሁ እስክትገቡ ተገድላችኋል። ጨዋታው ፖዝ የለውም፤ አንድ ዙር እስከ መጨረሻ ከሄዳችሁ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ያን ያህል መብራት ዋስትና አይሰጣችሁም።

ፒንግ፣ ማለትም ትእዛዛችሁ ሰርቨሩ ጋ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ፣ ሁለቱም ላይ ከመቶ ሚሊሰከንድ አይወርድም፤ ሰርቨሩ ሩቅ ነውና ስልክም ኮምፒውተርም አያሳጥሩትም። ስልኩ ላይ ግን ሰርቨሩን ራሴ እመርጣለሁ። ኮምፒውተሩ ራሱ ይመርጥልኛል። ዳታ የሚበላው ጨዋታው ሳይሆን አፕዴቱ ነው። የስልኩ በየሁለት ወሩ ገደማ ትልቅ አፕዴት ይመጣል፤ የሌሊት ጥቅል ገዝቶ ማውረድ ነው። የኮምፒውተሩ አፕዴት ሲመጣ ግን ጥቅል ሳይሆን ዋይፋይ ያለው ጓደኛ ያስፈልጋል።

ስለ ኢሙሌተሩ በደንብ ላውራ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ጌምሉፕ ይባላል። የስልኩን ፐብጂ ኮምፒውተር ላይ በኪቦርድና በማውስ ያጫውታል፤ አካውንቱ ያው የስልካችሁ ነው። ሲሰሙት ምርጥ ነገር ነው፦ ትልቅ ስክሪን፣ ማውስ፣ ጓደኞቻችሁም አሉ። ሲጭኑት ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው መሰረታዊ ሴቲንግ) ውስጥ ገብቶ ቨርቹዋላይዜሽን ማብራት ይጠይቃል፤ ካልበራ ይንቀራፈፋል። ያ ቀላል ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ጨዋታው በኢሙሌተር የገባን ሰው ያውቀዋል፣ ከኢሙሌተር ተጫዋቾች ጋር ነው የሚያገናኘው። ስኳድ ውስጥ አንድ ሰው በኢሙሌተር ከገባ ደግሞ ሌሎቹ ሶስቱ ስልክ ይዘውም ቢሆን እዚያው ይወሰዳሉ። በአውራ ጣታቸው ማውስ የያዘ ሰው ሊገጥሙ ማለት ነው።

የእኛ ስኳድ አራት ነን፤ ሁለቱ የሰፈር ልጆች፣ አንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። በኢሙሌተር የገባሁ ጊዜ መሬት በነካን በአምስት ደቂቃ ሁላችንም ሎቢ ነን። በሚቀጥለውም ያው። ተማሪው ማይኩን ከፍቶ «ወንድሜ፣ ወይ በስልክህ ግባ ወይ እኛ እንውጣ» አለኝ። እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲህ ጌምሉፕን የከፈትኩት ብቻዬን ስሆን ነው፤ ብቻዬን ከሆንኩ ደግሞ ዋናው የኮምፒውተሩ ፐብጂ እያለ እሱን ለምን እከፍታለሁ? አጠፋሁት።

ጓደኞቼ ሁሉ ስልክ ነው ያላቸው። በላፕቶፑ ዋጋ ሁለትና ሶስት ጥሩ ስልክ ይገዛል፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ ለጨዋታ ብሎ ላፕቶፕ የሚገዛ ጥቂት ነው። ስለዚህ የኮምፒውተሩ ፐብጂ ላይ አብሮኝ የሚጫወት የማውቀው ሰው የለም። አማርኛ የሚያወራ ሰውም አላጋጠመኝም። ስልኩ ላይ «ዞን መጣ፣ ሩጥ!»፣ «አንሳኝ እንጂ፣ ምን ታያለህ!» እየተባባልን ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የማያውቁኝ ሶስት ሰዎች በማላውቀው ቋንቋ ይቆጡኛል። በዚያ ላይ ስልኩ ቡና ላይም አብሮኝ ይቀመጣል። እናቴ «አንተ ልጅ፣ እሱን ነገር ጣልና ስኒውን ተቀበል» ብትልም ከሰሉ አጠገብ ጣቴ እየሞቀ ነው የምጫወተው።

ከወራት በኋላ ምን ተረፈ? ስልኩ ባትሪው ደክሟል፤ ድሮ ማታውን ሙሉ ይቆይ የነበረው አሁን ሳልተኛ ቻርጀር ይፈልጋል። የስክሪኑ መከላከያ ግራ ጥግ ላይ፣ ጆይስቲኩ ያለበት ቦታ፣ በክብ ተፍቆ ደብዝዟል። ብርሃን ላይ ሲይዙት የአውራ ጣቴ ምልክት ይታያል። መከላከያውን መቀየር ቀላል ነው። ላፕቶፑ ላይ የደብሊው ፊደል ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። በበጋው አቧራ ማራገቢያውን ስለደፈነው ጥገና ቤት ወስጄ አስነፍቼ ፔስቱን (ፕሮሰሰሩን የሚያበርደውን ቅባት) አስቀይሬዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ደህና ነው። ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ራም ነው። ሲመጣ 8 ጊጋ ነበር፤ ከመኪና ስወርድ፣ ፖቺንኪ ውስጥ ስገባ፣ ጨዋታው ለአፍታ ቆም ይል ነበር። ለአፍታ ቆም ማለት መሞት ነው። 16 ሳደርገው ጠፋ።

አሁን ከሳምንቱ ማታዎች አብዛኛውን ስልኩ ላይ ነኝ፣ ከልጆቹ ጋር። ላፕቶፑን ለእሁድ ከሰዓት፣ ማንም ኦንላይን ሳይኖር፣ መብራትም ሲኖር እከፍተዋለሁ።

ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ፦ ስልክ ከሆነ ከካሜራው ይልቅ ፕሮሰሰሩንና ባትሪውን እዩ። ሻጩ ጋ ቆማችሁ ጨዋታውን አስከፍቱት፣ ፍሬም ሬቱ እስከ የት እንደሚፈቅድላችሁ ሴቲንግ ውስጥ ተመልከቱ። ቆላ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ አንድ ዙር ሙሉ ሳትጫወቱበት ብር አትቁጠሩ። ያገለገለ ላፕቶፕ ከሆነ ግራፊክስ ካርዱ ከጂቲኤክስ 960 እንዳያንስ፤ ራም መጨመሪያ ባዶ ቦታ እንዳለው ከፍተው ያሳዩአችሁ። ማውስ ግዙ፣ በታችፓድ አይሞከርም።