ለጀልባ ሥራ የተከራየሁት መጋዘን

ባለ ሸራ ጀልባ በገዛ እጄ ልሥራ ብዬ ስነሳ እንቅልፍ የነሳኝ ቦታው እንጂ እንጨቱ አልነበረም። አሠራሩ ያን ያህል አያስፈራም። ኮምፖንሳቶው በልኩ ይቆረጣል፣ ጠርዙ በትራፓኖ ይበሳል፣ በመዳብ ሽቦ ይሰፋል፤ ከዚያ መገጣጠሚያው በኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተበጥብጦ የሚጠነክር ማጣበቂያ) እና በፋይበርግላስ (ከመስታወት ክር በተሠራ) ጨርቅ ይታሸጋል። ጃክ ሆልትና ባሪ ባክኔል እ.ኤ.አ. በ1962 የነደፏት ሚረር የምትባል ባለ ሸራ ጀልባ የምትሠራው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ብዙ ሰው ቤቱ ውስጥ ሠርቷታል። እሷ ግን 3.3 ሜትር ብቻ ናት። የእኔዋ 4.5 ሜትር ትረዝማለች። በዙሪያዋ መላወሻ ሲጨመርበት ቤቴ አይችላትም።

ስለዚህ አናጢዎች በጋራ ከሚሠሩበት መጋዘን አንድ ጥግ በወር ተከራየሁ። በጣም ወድጄዋለሁ።

ከሁሉ በላይ ወለሉን። ከዳር እስከ ዳር በውሃልክ ፈትሼዋለሁ፣ ኮንክሪቱ ደልዳላ ነው። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ጀልባዋ ስትሰፋ ከሥሯ ያለው መደገፊያ ትንሽ ከተዛነፈ አካሏም አብሮ ይጣመማል። ኢፖክሲው አንዴ ከጠነከረ ደግሞ ማቃናት የለም። በሩም ሰፊ ስለሆነ ስታልቅ እንዳለች ትወጣለች።

ሙቀቱም ተመችቶኛል። አብዛኛው ኢፖክሲ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ለመጠንከር በጣም ይዘገያል። እርጥበት ሲበዛ ደግሞ አንዳንዱ ላዩ ላይ ሰም የመሰለ ነገር ያወጣል፤ እሱ በውሃ ሳይታጠብ ሌላ ቢደረብበት በደንብ አይይዝም። እዚህ ጣሪያው አያፈስም፣ ግድግዳውም ደረቅ ነው።

ኃላፊው ሽማግሌ አናጢ ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። የመጀመሪያውን ኢፖክሲ ልበጠብጥ ስዘጋጅ ዝርግ ትሪ ይዘውልኝ መጡ። "ልጄ፣ ኩባያ ውስጥ ከተከማቸ ይግላል፣ ቶሎም ይደርቅብሃል። እዚህ ላይ ዘርጋው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ትሪው ላይ ተረጋግቼ ለመቀባት ጊዜ አገኘሁ። ጀልባዋን የምንገለብጥ ዕለትም ማሽኑን ሁሉ አስቁመው አናጢዎቹን ጠሩልኝ። አንዱም ፊቱን አላጠቆረም። እንዲህ ያለ ሰው ያለበት ቦታ ብርቅ ነው።

ቅሬታዬ አቧራው ነው። በመጋዞቹና በእኔ ጥግ መካከል ምንም መከለያ የለም። እርጥብ ኢፖክሲ ላይ ዱቄቱ ሲያርፍ ያበሳጫል፣ ከደረቀ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ነው። መከለያ እንዲሠራ ጠይቄ "ይደረጋል" ተብያለሁ፤ እስካሁን የለም። አሁን የማጣብቀው ማታ፣ ማሽኖቹ ከቆሙ በኋላ ነው። አየር ማስወጫውም ከእኔ ጥግ ይርቃል። ስትፈገፍጉ ማጣሪያ ያለው ማስክ ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያ አይሰጥም።

ከ5 ሜትር በታች ለሆነ ጀልባ አይናችሁን ሳታሹ ተከራዩት። ከዚያ ለሚበልጥ ግን ጥጉ ጀልባዋን ለመገልበጥ ይጠባል፤ ሌላ ፈልጉ።