ከጠቋሚው አጠገብ ያለችው ሣጥን፦ የአውቶካድ ዳይናሚክ ኢንፑት ከተስተካከለ በኋላ

ሥራዬ ቀያሾች ለክተው የሚያመጡትን የወሰን ነጥብ ወደ ሥዕል መለወጥ ነው። ከዓይኔ ሥር ሁልጊዜ የቁጥር ሰንጠረዥ አለ። ስለዚህ በኮምፒውተር የሥዕል ፕሮግራሙ በአውቶካድ ውስጥ ከጠቋሚው ጋር እየተንቀሳቀሰች ቁጥር የምትቀበለውን ትንሽ ሣጥን የምመዝናት እንደ ጌጥ አይደለም፤ ቁጥሬን በትክክል ትቀበለዋለች ወይስ አትቀበለውም በሚለው ነው።

ዳይናሚክ ኢንፑት የምትባለው ይህች ሣጥን ወደ ፕሮግራሙ የገባችው አውቶካድ 2006 በሚባለው ዕትም ነው። ከዚያ በፊት የሚጻፈው ሁሉ ወደ ታችኛው የትእዛዝ መስመር ይሄድ ነበር፤ ዓይንም ከሥዕሉ ወደ መስመሩ፣ ከመስመሩ ወደ ሥዕሉ ሲመላለስ ይውላል። ሣጥኗ ይህን ምልልስ አስቀርታለች። እኔ ግን ለረጅም ጊዜ በኤፍ12 አጥፍቼ ነበር የምሠራው። ምክንያቱ አንድ የወሰን ሥዕል ነው።

የመጀመሪያው ነጥብ 500 እና 300 ነበር። ሁለተኛው 524.50 እና 300። ሁለተኛውን ጽፌ ኢንተርን ስጫን መስመሩ ከስክሪኑ ወጥቶ ጠፋ። ሥዕሉን አሳንሼ ስፈልገው ጫፉ 1024.50 እና 600 ላይ አረፈ። ሰንጠረዡን ደጋግሜ አመሳከርሁ፤ የጻፍሁት ሰንጠረዡ ላይ ያለውን ነው። ስህተቱን በቀያሹ ላይ ልጥል ስልክ አንስቼ ነበር። ቁጥሮቹን ደምሬ ያየሁት ልደውል ስል ነው፤ 500 ላይ 524.50፣ 300 ላይ 300። ፕሮግራሙ ሁለተኛውን ነጥብ ከሥዕሉ መነሻ ከ0,0 ሳይሆን ከመጀመሪያው ነጥብ ላይ ቆጥሮታል። ቀያሹ ምንም አላጠፋም፤ ያላወቅሁት የራሴን ቅንብር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሣጥኗ ስትበራ፣ ማንም ካልነካት፣ ከመጀመሪያው ነጥብ በኋላ የሚጻፈውን ቁጥር አንጻራዊ አድርጋ ትወስዳለች፤ ከቀደመው ነጥብ ላይ ትቆጥረዋለች ማለት ነው። ፍጹም ኮኦርዲኔት፣ ማለትም ከ0,0 የሚቆጠር የነጥብ አድራሻ፣ የፈለገ ሰው ከቁጥሩ ፊት የ# ምልክት ማስቀደም አለበት። በታችኛው የትእዛዝ መስመር ላይ ግን ተቃራኒው ነው፤ እዚያ ምልክት የሌለው ቁጥር ፍጹም ነው፣ አንጻራዊ ለማድረግ ደግሞ @ ያስፈልጋል። ያው ቁጥር እንደተጻፈበት ቦታ ሁለት የተለያየ መልስ ይሰጣል ማለት ነው። ሣጥኗን ለሚጠላ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምነግረው ይህንን ነው።

ማስተካከያው ድራፍቲንግ ሴቲንግስ በሚባለው መስኮት፣ ዳይናሚክ ኢንፑት በሚለው ገጽ ላይ ይገኛል። ፖይንተር ኢንፑት ከሚለው ሥር ያለውን የቅንብር አዝራር ሲጫኑ ሁለት ምርጫዎች ይቀርባሉ፦ ቁጥሩ በርቀትና በማዕዘን ይነበብ ወይስ በአግድምና በቁመት፤ አንጻራዊ ይሁን ወይስ ፍጹም። እኔ የወሰን ነጥብ ስገለብጥ በአግድምና በቁመት፣ ፍጹም አደርገዋለሁ። መስኮቱን ሳይከፍቱ ዳይንፒኮርድስ (DYNPICOORDS) የሚለውን የፕሮግራሙን ተለዋዋጭ 1 ማድረግም ቁጥሩን ፍጹም ያደርገዋል፤ 0 ሲሆን ወደ አንጻራዊ ይመለሳል። ያንን ቀን ካስተካከልሁት ወዲህ # መጻፍ ቀርቶልኛል።

ለሁሉም ሰው ይህንን አድርጉ አልልም። የቤት ፕላን ለሚስል ሰው ያልተነካው፣ አንጻራዊው ቅንብር ይሻላል። ሬክታንግል ብሎ አንድ ጥግ ነክቶ 4,6 ቢጽፍ አራት በስድስት የሆነ ክፍል ወዲያው ይወጣለታል። እርሱ የሚያስበው በስፋትና በርዝመት ነው፤ ሣጥኗም እንደ እርሱ ታስባለች። እኔም የአጥርና የበር ዝርዝር ስሠራ ወደዚያው እመልሳታለሁ።

ከሁሉ የወደድሁት ዳይሜንሽን ኢንፑት የሚባለውን ክፍል ነው። አንድን መስመር መርጬ ጫፉ ላይ ያለችውን ሰማያዊ ካሬ ስይዝ የመስመሩ ሙሉ ርዝመትና የሚጨመረው ርዝመት ለየብቻቸው ይታያሉ። በታብ ወደ ሁለተኛው አልፌ 0.15 ብዬ ስጽፍ መስመሩ በ15 ሴንቲሜትር ይረዝማል። አሮጌውን ርዝመት መለካት፣ መደመር፣ ከዚያ መልሶ መጻፍ የለም። የዕርማት ወረቀት «ይህ ግንብ በ15 ይግፋ» ብሎ ሲመጣ ይህን ያህል የሚያሳርፈኝ ነገር አላውቅም። በአንድ ጊዜ ስንት ልኬት እንደሚታይ መወሰን ይቻላል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ወይም የተመረጡት ሁሉ። ሁሉንም አብርቼ ሞክሬ ነበር፤ ሥዕሉ በሣጥን ተሸፈነ። ሁለት ይበቃል።

ታብና ኢንተርን ማምታታት ግን ዋጋ ያስከፍላል። 12 ጽፎ ታብ ተጭኖ ማዕዘኑን 30 ማለት አንድ ነገር ነው፤ ርዝመቱ ላይ የመቆለፊያ ምልክት ይመጣና 12 ሆኖ ይጸናል። 12 ጽፎ ኢንተር መጫን ሌላ ነው፤ ማዕዘኑ ጠቋሚው ባለበት አቅጣጫ ይወሰናል። እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ቀጥ ያለ የሚመስል ግን ቀጥ ያልሆነ መስመር ይወጣል፤ ይህ ደግሞ የሚታወቀው የሥዕሉ ዙሪያ ሲዘጋ አልገጥም ሲል ነው።

ማዕዘንንም በሚመለከት አንድ ያልወደድሁት ነገር አለ። ሣጥኗ ከ180 ዲግሪ በላይ አታሳይም፤ 270 የሆነው 90 ሆኖ ይታያል። 30 ብዬ ስጽፍ ጠቋሚው ከአግድሙ በታች ከሆነ መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል። ለቀያሽ አዚሙት ይህ አይመችም። ስለዚህ አቅጣጫ ከሰሜን እየተቆጠረ ከመጣልኝ ሣጥኗን ትቼ በታችኛው መስመር ላይ በ@ እና በ< ምልክት እጽፋለሁ።

ስለ መልኳ ብዙ አልልም። ቀለሟ፣ መጠኗና ግልጽነቷ ይለወጣል፤ እኔ የሥዕሉ መስመር ከኋላዋ እንዲታየኝ በከፊል ግልጽ አድርጌያታለሁ። የአንድን ትእዛዝ አማራጮች ለማየት ወደ ታች የሚያመለክተውን ቀስት መጫን ይበቃል።

ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ ለሚዛወር ሰው ይህ ይታወቅለት፦ ይህ ቅንብር ከሥዕሉ ፋይል ጋር አይሄድም፤ ከተጠቃሚው ጋር ነው የሚቀመጠው። በሥራ ባልደረባዬ ወንበር ላይ ስቀመጥ መጀመሪያ የማደርገው አንድ መስመር መጀመር፣ ሁለተኛውን ነጥብ 0,0 ብሎ መጻፍና መስመሩ ወደ ሥዕሉ መነሻ መሄዱን ማየት ነው። ካልሄደ ሣጥኗ አንጻራዊ ናት፤ ኢስኬፕ ብዬ ቅንብሩን እከፍታለሁ። ስጨርስም ወደ እርሱ ልማድ መልሼያት እነሣለሁ።