ቴሜንጎር ላይ ቶማን ማጥመድ፦ ከአምስት አራት ኮከብ

ቶማን የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ ማሌዥያ ልትሄዱ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። ፔራክ ግዛት ውስጥ ቴሜንጎር ሐይቅ ላይ፣ በተንሳፋፊ ቤት ሦስት ቀን ሁለት ሌሊት ቆይቼ ነው የመጣሁት። አራት ኮከብ ሰጥቻለሁ፤ አምስተኛውን ለምን እንደያዝኩት ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ዓሣው። ቶማን ጭንቅላቱ የእባብ የሚመስል አዳኝ ነው፣ እንግሊዞቹ ስኔክሄድ ከሚሏቸው ዓሦች ትልልቆቹ ውስጥ ነው። ከአንድ ሜትር በላይ ያድጋል፣ 20 ኪሎም ሊደርስ ይችላል። ጥርሱ ለጉድ ነው። ተራ ክር ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ መንጠቆው ላይ የብረት ሽቦ እሰሩ። ደግሞ ውሃ ውስጥ የሚተነፍስበት ስንጥቡ ብቻውን ስለማይበቃው ውሃ ውስጥ እየኖረ አየር ለመሳብ ብቅ ይላል፣ የሚያሳጣውም ይኸው ነው።

ጉዞው የሚነሳው ከባንዲንግ ደሴት ነው። ሐይቁ የፔራክ ወንዝ ተገድቦ የተፈጠረ ስለሆነ ያኔ የሰመጠው ጫካ ግንዶች ዛሬም ደርቀው ውሃው መሃል ቆመዋል። በሰሜን በኩል ከ2007 ጀምሮ ፓርክ የሆነው ሮያል በሉም አለ። እዚያ ለመግባት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ወረቀቱን የጉዞው አዘጋጆች ጨርሰውልኝ ነበር። ምግቡ ጥሩ፣ መኝታው ንጹህ።

አስጎብኚው ግን ሌላ ነው! ሞተሩን ከሩቅ ያጠፋና በመቅዘፊያ ድምፅ ሳያሰማ ይጠጋል። ከዚያ ዝም ብሎ ውሃውን ያያል። እኔ ምንም ሳይታየኝ እሱ ድንገት በጣቱ ይጠቁመኛል፣ ሳይ አንድ ቶማን ተንፍሶ የተወው ትንሽ ክብ ሞገድ ነው። ዓሣ ማታለያዋን የላስቲክ እንቁራሪት ከዚያ አለፍ አድርጌ ወርውሬ ቀስ እያልኩ ስስባት ውሃው ፈነዳ። ዓሣው በቀጥታ ወደ ግንዶቹ ሮጠ፣ ዘንጌ ጎብጦ የጀልባውን ጠርዝ ነካ፣ እጄ ደግሞ ዓሣው ከወጣም በኋላ መንቀጥቀጡን አላቆመም። አራት ኪሎ ገደማ ይሆናል። ጀርባው ጥቁር ሰማያዊ፣ ሆዱ ነጣ ያለ። መንጠቆውን በጉጠት ነቅለን ወዲያው ለቀቅነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት አንድ ጥግ ላይ ዝናብ የጣለ መሰለኝ፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው። ስንጠጋ የቶማን ጫጩቶች ናቸው፣ ብርቱካናማ፣ ከጣት ያነሱ፣ እጅብ ብለው ለመተንፈስ ብቅ ጥልቅ ይላሉ። ከስር ወላጆቻቸው ይጠብቋቸዋል። አስጎብኚው «ወርውር፣ ወዲያው ትነክሳለች!» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ትነክሳለች፤ ግን ርቧት ሳይሆን ልጆቿን ልትከላከል ነው። እሷ ከተያዘች እነዚያን ጫጩቶች ያገኛቸው ዓሣ ሁሉ ይለቅማቸዋል፣ ተመልሳ እስክትለቀቅ ያለው ጊዜ ራሱ ይበቃል። እኔ አልወረውርም አልኩት። «ደንበኛ ሁሉ የሚፈልገው ይህንን ነው» ብሎ ትንሽ ተኮሳተረ። ደንበኛ ቢፈልግስ? እንዲህ ዓሣውን የሚያውቅ ሰው፣ ጫጩት ያለበት ቦታ ላይ አንወረውርም የሚል ደንብ ቢኖረው ማን ይከለክለዋል? ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ይህንን በግልጽ ጠይቋቸው፣ እኔ ሳልጠይቅ ነው የሄድኩት።

ኩርፊያው ግን ብዙ አልቆየም። ማታ እራት ላይ ስለ ቶማን ስንጨዋወት አመሸን። በሦስተኛው ቀን ስንመለስ በዚያው ጥግ አለፍን፣ ያ ዝናብ አሁንም አለ። ምንም ሳልለው ሞተሩን አጠፋ፣ በመቅዘፊያ ሰፊ ዙር ዞሮ አሳለፈኝ።