የታንክ ሞዴል ከመግዛታችሁ በፊት ጎማውን ቁጠሩ

ወገን፣ ይሄን የምጽፈው ብሬን ለማስመለስ አይደለም፤ እሱ ሄዷል። 8,500 ብር ከነማድረሻው። የምጽፈው ጎዶሎ የታንክ ሞዴል የሸጠልኝ ሰውዬ ትናንት ማታ በሌላ ስም፣ በሌላ የቴሌግራም ቻናል ያንኑ ታንክ ሲሸጥ ስላየሁት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የፕላስቲክ ሞዴል የምንሠራ ሰዎች ብዙ አይደለንም፤ ቀጣዩ ተረኛ ከእናንተ አንዱ መሆኑ አይቀርም።

ከመነሻው ልጀምር። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ነገር አልጨረስኩም። ጠረጴዛዬ ላይ ተከፍቶ የቀረ የጀርመን ፓንተር ታንክ አለ። የሰንሰለቱ እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ተቆርጦ፣ ተሞርዶ፣ አንድ በአንድ የሚቀጣጠል ነው፤ ለአንድ ጎን ብቻ ከ80 በላይ ቁራጭ። ሠላሳ ምናምን ላይ ስደርስ እጄ ዛለ። አንድ ቀን ዘለልኩ፣ ከዚያ ሳምንት፣ ከዚያ አቧራ። ባለቤቴ «ይሄ ነገር ይነሳ ወይስ ይታጠን?» ማለት ጀመረች።

በዚህ ሥራ ከእኔ በዕድሜም በልምድም የሚበልጥ ወዳጄ አንድ ቀን ቡና ስንጠጣ እንዲህ አለኝ፦ «አንተ የጠፋብህ ፍላጎት አይደለም፣ መጨረስን ነው የረሳኸው። ቀላል ነገር ያዝ። ቅዳሜ ጀምረህ እሑድ ማታ ቀለም የምትቀባው። ጥቃቅኑን ተወው፣ የጎደለው ይጉደል፣ ብቻ ጨርስ።» ልክ ነው። ጂፕ ወይም ቲ-55 የሚባለውን የሶቪየት ታንክ ፈልግ አለኝ። ቲ-55 ልቤን ነካው። ግንቦት 20 ቀን 1983 ጠዋት አባቴ ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ከነበረው ቤታችን በመስኮት ቀዳዳ ታንክ ሲያልፍ አይቷል። «አስፋልቱን እንደ ሊጥ አቦካው» እያለ እስከ ዛሬ ይነግረናል። ለሥራም አይከብድም፤ ቅርጹ ድፍን ያለ ነው፣ ጭንቅላቱ እንደ ተደፋ ጎድጓዳ ሳህን፣ በየጎኑ አምስት አምስት ትልልቅ ጎማ። አንደኛውና ሁለተኛው ጎማ መካከል ያለው ክፍተት ሰፋ ይላል፤ ታንኩ ከሩቅ የሚታወቀው በዚያ ነው።

ፍለጋ ገባሁ። ማስታወቂያው እንዲህ ይል ነበር፦ «ቲ-55፣ 1/35፣ ኦርጅናል የጃፓን፣ ያልተከፈተ፣ ከነቀለሙና ከነሙጫው ሙሉ ፓኬጅ። አንድ ፍሬ ብቻ ቀርቷል።» 1/35 ማለት ከእውነተኛው ታንክ 35 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። ፎቶው የተሠራ ታንክ ነው፤ በጣም ያምራል፣ ጭቃው ሳይቀር ተቀብቷል። ከታንኩ ጎን መጠኑን እንድናይ አንድ ሳንቲም ተቀምጣለች። ያቺን ሳንቲም ያኔ ልብ ብያት ቢሆን ኖሮ ይሄን ጽሁፍ አታነቡም ነበር።

ዋጋው ብዙም አላስደነገጠኝም፤ ይሄም አንዱ ወጥመድ ነው። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 በላይ ሲገባ፣ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ስንት መሆን እንዳለበት መገመት ትተናል። ሻጩ «ብሮ፣ ከዱባይ በሰው ነው የማስመጣው፣ ቀለሙም ጭምር በአውሮፕላን ነው የሚመጣው» አለኝ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። በዘይትና በሚቀጣጠል ማቅጠኛ የተሠራ ቀለም፣ በተለይ የሚረጨው ጣሳ፣ በመንገደኛ ሻንጣ መጫን የተከለከለ ነው። በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ሻጭ እንደዚህ ሲላችሁ «ምን ዓይነት ቀለም ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ አልጠየቅኩም። የቸኮለ ሰው ጥያቄ የለውም።

ግማሹን ቀብድ በቴሌብር ላክሁ። ቀሪውን ዕቃውን ሳይ ልከፍል ተስማማን። መገናኛችን ብሔራዊ ቴአትር ጋ ያለው የድንጋይ አንበሳ ሥር ሆነ፣ ቅዳሜ አምስት ሰዓት። ሻጩ ራሱ አልመጣም፣ ሞተረኛ ላከ። ልጁ ሃያ ዓመት አይሞላውም፣ ሄልሜቱን እንኳ አላወለቀም። ሳጥኑን ልከፍት ስል «ጋሼ፣ እኔ አድራሽ ነኝ፣ ከፍተው ከሆነ አይመለስም ብለውኛል» አለኝ። በላዩ ላይ ላስቲኩ ድርቅ ብሎ ተወጥሯል፣ አዲስ ይመስላል። ፀሐዩ አናቴን ይላል፣ ልጁ ሰዓቱን ያያል፣ እኔም ቤቴ ገብቼ መጀመር ነው የናፈቀኝ። ቀሪውን ከፈልኩ። ልጁን አልወቅሰውም፤ ስንት ተከፍሎት ይሆን?

ቤት ስደርስ ላስቲኩን በምላጭ ቀደድኩት። አንዱ ጥግ ላይ ቡኒ የተቃጠለ ነገር አለ፣ ጠርዙም ሞገድ ሠርቷል። ያኔ ነው የገባኝ። ማሸጊያ ላስቲክ ጠቅልሎ በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ ማንም የሚችለው ነው። የውጭው ላስቲክ ምንም አያረጋግጥም፤ መታየት ያለበት የውስጥ ከረጢቱ ነው። ክፍሎቹ የተያያዙባቸው የፕላስቲክ ፍሬሞች፣ ስፕሩ የምንላቸው፣ ከፋብሪካ ሲወጡ በታሸጉ ከረጢቶች ይሆናሉ። የኔዎቹ ተቀደው በፕላስተር ተለጥፈዋል። ፕላስተሩ ደግሞ ከሰፈር የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የምንገዛው ዓይነት ነው፣ ሳብ ሳደርገው አቧራ ይዞ መጣ።

አሁንም ተስፋ አልቆረጥኩም። የመመሪያ ወረቀቱን ዘረጋሁ። አብዛኞቹ ሞዴሎች መመሪያቸው ላይ የሁሉም ፍሬሞች ሥዕል አላቸው፤ እያንዳንዱ ፍሬም በፊደል ተሰይሞ፣ ሁለት የሚገባው ካለ አጠገቡ ማባዣ ምልክትና 2 ቁጥር ተጽፎበት። ጎማ የያዘው ፍሬም ሁለት መሆን አለበት፤ አንዱ ለቀኝ፣ አንዱ ለግራ። ሳጥኑን ገለበጥኩት፣ አራገፍኩት። አንድ ብቻ ነው።

ጎማዎቹን በወረንጦ እየነካሁ ቆጠርኩ። አንድ ጎማ ከሁለት ዲስክ ይሠራል፣ የውስጥና የውጭ። በየጎኑ አምስት ከሆነ በጠቅላላ 20 ዲስክ ያስፈልገኛል። ያለኝ አሥር። የግራ ጎኑ ብቻ የሚንቀሳቀስ ታንክ! ልጄ «አባ፣ ግድግዳ አስጠግተህ ብታቆመው ማን ያያል?» አለኝ፤ ሳላስበው ሳቅኩ። ወዳጄ ደግሞ «በሰሜን መንገድ ዳር ዝገው እንደቀሩት አድርገህ፣ ጎማው ወልቆ፣ ሣር በቅሎበት ሥራው» አለ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ግን የተቃጠለ ታንክ በደንብ መሥራት ከደህናው የባሰ ሥራ ነው፤ እኔ ደግሞ የፈለግኩት የሁለት ቀን ሥራ ነበር።

ቀለሙ የባሰ ነው። ሦስት ትንንሽ ብልቃጥ፣ የታወቀ ምርት ስም የተለጠፈባቸው። አንዱን ስከፍተው ክፍሉ በሙሉ ጋራዥ ጋራዥ ሸተተ፤ የመኪና ቦዲ የሚቀቡበት ናይትሮ ነው። ከባዶው ፍሬም ቁራጭ ላይ በብሩሽ ቀባሁ። ትንሽ ቆይቼ በጣቴ ብነካው ፕላስቲኩ እንደ ማስቲካ ለስልሶ የጣት አሻራዬ ቀረበት። እነዚህ ሞዴሎች የሚሠሩት ከፖሊስቲሪን ነው፤ ኃይለኛ ማቅጠኛ ይበላዋል። በቀጥታ ታንኩ ላይ ቀብቼው ቢሆን ኖሮ ያለውንም አጣ ነበር። ማንኛውንም የማታውቁትን ቀለም መጀመሪያ ባዶ ፍሬም ላይ ሞክሩ፤ ፍሬሙ ያው መጨረሻ ላይ የሚጣል ነው። ቀለም ከቸገራችሁ የሠዓሊዎች አክሪሊክ ቱቦ በውሃ አቅጥኖ በስሱ ሁለት ሦስት ጊዜ መደራረብ ይሻላል፤ እንደ ሞዴል ቀለም አያምርም፣ ግን ፕላስቲኩን አይበላም። ሙጫ የተባለው ደግሞ ተራ ሱፐር ግሉ ነው፣ እሱም ጫፉ ደርቋል።

ደወልኩ። አንስቶ «እሺ ብሮ፣ አጣራለሁ» አለ። የጎማውን ፎቶ፣ የመመሪያውን ፎቶ ላክሁለት። አየው፣ አልመለሰም። ማታ «ስትከፍተው ጥለኸው ይሆናል» ብሎ ጻፈ። ሀያ ሴንቲ ሜትር የሚያህል ፍሬም ምንጣፍ ላይ ጠፍቶብኝ! በማግስቱ ብሎክ አደረገኝ።

ስለ መብት የጠየቃችሁኝ አላችሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል፣ ሻጭም ደረሰኝ መስጠት ግዴታው ነው። ጥሩ። እኔ ግን ደረሰኝ የለኝም፣ የሱቅ አድራሻ የለኝም፣ የማውቀው መልክ የለኝም። ያለኝ የቴሌብር መልእክት ነው፤ እሱ ላይ ያለው ስም ደግሞ የሴት ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም፣ ሴትየዋ የምታውቀው ነገር መኖር አለመኖሩን ስለማላውቅ። ለክስ የሚሆን ወረቀት ሳይዙ መግዛት ማለት ብሩን አንበሳው ሥር አስቀምጦ መሄድ ነው።

እንደኔ በድጋሚ ለመጀመር ቀላል ሞዴል የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ የሳጥኑን ጎን ፎቶ ይላክላችሁ፤ የምርት ቁጥሩ እዚያ ላይ ነው። ቁጥሩን ስኬልሜትስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ብትፈልጉት የብዙ ሞዴሎች መመሪያ ተቀምጦ ታገኛላችሁ፣ ፍሬሞቹን አስቀድማችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። ከዚያ ፍሬሞቹን በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ አጠገባቸው የአሥር ብር ኖት አድርጎ፣ ዛሬ ያነሳውን ፎቶ ይላክ። «ያልተከፈተ ነው፣ ልከፍተው አልችልም» ካለ፣ እንግዲያው ስንገናኝ እፊቴ ይከፈታል በሉት። በዚህ የማይስማማ ሻጭ የሚደብቀው አለው። መጠኑንም አጣሩ። እውነተኛው ቲ-55 መድፉን ጨምሮ 9 ሜትር ያህል ነው፤ በ1/35 ሲሆን 26 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በ1/72 ሲሆን ግን 12 ተኩል ብቻ። በትልቁ ዋጋ ትንሹን የሚሸጡም አሉ ይባላል፣ እኔ አልገጠመኝም። (1/35 ለምን እንደዚህ ጎዶሎ ቁጥር ሆነ ለምትሉ፣ ታሚያ የሚባለው የጃፓን ሞዴል አምራች በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መባቻ ሞተር ያለው የፓንተር ሞዴል ሲሠራ ባትሪዎቹ እንዲገቡለት ያወጣው መጠን ነው። ባትሪው ቀርቶ ቁጥሩ ቀጠለ።) ያገለገለ አሮጌ ሳጥን ከሆነ ደግሞ እንደ ላስቲክ የሚለጠጠውን ሰንሰለት ተመልከቱ፤ ለዓመታት ፕላስቲክ ላይ ተኝቶ ከቆየ የተኛበትን ቦታ ያቀልጠዋል።

የጎደለውን ፍሬም ለብቻው ከውጭ ማዘዝ ይቻላል፤ ዋጋው ከነማጓጓዣው ሌላ ሞዴል ሊገዛ ምንም አይቀረው። ለጊዜው ትቼዋለሁ። ወዳጄ ከራሱ መደርደሪያ አንድ ጂፕ አውሶኛል። ቅዳሜ ጀመርኩት፣ ቻሲሱ ቆሟል፣ አራቱም ጎማዎች አሉ፤ ቆጥሬያቸዋለሁ።

ሰውየውን በምን ታውቁታላችሁ? በስም አትችሉም፣ ይቀይረዋል። በፎቶው ነው። የመጀመሪያው ማስታወቂያ ላይ ከታንኩ ጎን የነበረችውን ሳንቲም አጉልቼ አየኋት፤ አንበሳ የለባትም፣ የእኛ ሳንቲም አይደለችም። ፎቶውን ውጭ አገር ካለ ሌላ ሰው ነው የወሰደው። ትናንት በለጠፈው ላይ ሳንቲሟን ቆርጦ አውጥቷታል። ጥላዋ ግን ከኋለኛው ጎማ ሥር ግማሽ ክብ ሆኖ ቀርቷል። ዋጋው አሁን 9,200 ነው።