ጃቫስክሪፕት ወይስ ፒኤችፒ? ጅማ ላይ ለስልጠና ከመክፈላችሁ በፊት

የዌብ ፕሮግራሚንግ ስልጠና ስታጠያይቁ ጃቫስክሪፕትና ፒኤችፒ መቅረባቸው አይቀርም። ቫሪያብል (መረጃ መያዣ) እና ሉፕ (ድግግሞሽ) ላይ ብዙም አይራራቁም። ኦብጀክት (የአንድን ነገር መረጃና ሥራ አንድ ላይ የሚይዝ ጥቅል) ላይ ግን መንገዳቸው ይለያያል፤ ብዙ ጀማሪም ተስፋ የሚቆርጠው እዚያ ነው። ስለዚህ በኦብጀክት እናወዳድራቸው።

የአንድ ቡና ነጋዴ መዝገብ እየሠራን ነው እንበል። እያንዳንዱ ጭነት አንድ ኦብጀክት ይሆናል። ዓይነቱ ጀንፈል፣ መጠኑ 20 ፈረሱላ። አንድ ሜተድ (ኦብጀክቱ የሚሠራው ሥራ) ደግሞ ፈረሱላውን በ17 አባዝቶ 340 ኪሎ ብሎ ይነግረናል።

ጃቫስክሪፕት ላይ ጥምዝ ቅንፍ ከፍታችሁ እነዚህን መደርደር ብቻ ነው። ክላስ (የኦብጀክቶች ንድፍ) የሚለው አጻጻፍ ራሱ የመጣው በ2015 ነው፤ ያለሱም ይሠራል። የሚጫን ነገር የለም። ብራውዘር ከፍታችሁ ኤፍ12 ስትጫኑ መሞከሪያው እዚያው አለ፤ ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል።

ችግሩ ዝምታው ነው። ፎርም ላይ የተሞላው 20 እንደ ጽሑፍ ይመጣል። 5 ስትደምሩበት 25 ሳይሆን 205 ይላችኋል። የፕሮፐርቲውን (እንደ ዓይነትና መጠን ያለውን መረጃ) ስም አንድ ፊደል ብትስቱ «አንዲፋይንድ» (ያልተገለጸ) ብሎ ያልፋል እንጂ ስህተት አለ አይልም። ሜተዱን ለአንድ በተን ስትሰጡት ደግሞ ኦብጀክቱን ራሱን የሚጠቁመው «ዚስ» የሚለው ቃል ጭነቱን ትቶ በተኑን ሊያመለክት ይችላል። ይህኛው ጀማሪን በጣም ያንገላታል፤ የሚያስተምራችሁ ሰው ጊዜ ወስዶ ሊያስረዳችሁ ይገባል።

ፒኤችፒ መጀመሪያ ላይ ጣጣው ይበዛል። እንደ ዛምፕ ያለ ሰርቨር መጫን አለባችሁ። ክላስ ትጽፋላችሁ፣ ከዚያ ኦብጀክቱን ታወጣላችሁ። ግን ጠባቂ አለው። ከ7.4 እትም ጀምሮ ፈረሱላ ቁጥር ብቻ ነው ብላችሁ ማወጅ ይቻላል። «ሃያ» ብሎ በፊደል የሚሞላ ሰው ቢመጣ እዚያው ያስቆመዋል። ስም ብትስቱም 8ኛው እትም ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ጊቢ ሆናችሁ ጃቫ (ከጃቫስክሪፕት የተለየ ቋንቋ ነው) ነካ ነካ ያደረጋችሁ ከሆነ ክላሱ አዲስ አይሆንባችሁም።

የእኔ ምርጫ? ላፕቶፓችሁ አሮጌ ከሆነና የጻፋችሁትን ወዲያው ስክሪን ላይ ማየት ከፈለጋችሁ በጃቫስክሪፕት ጀምሩ። ኖድ በሚባል ፕሮግራም አማካኝነት ሰርቨር ላይም ስለሚሠራ ጊዜያችሁ አይባክንም። ቶሎ ለሱቅ የዕቃ መዝገብ መሥራት ወይም ዎርድፕረስ (የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር) ላይ መግባት ያሰበ ግን ፒኤችፒን ይያዝ፤ ዎርድፕረስ የተጻፈው በእሱ ነው። ሁለቱንም ባንዴ በአጭር ጊዜ እናስተምራለን ለሚል ስልጠና ገንዘብ አታውጡ። ኦብጀክት ተቻኩለው የሚያልፉት ነገር አይደለም።

ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ በነፃ ያለውን ሞክሩት። ለጃቫስክሪፕት ኤምዲኤን የሚባል የመማሪያ ድረ ገጽ አለ። የፒኤችፒ መመሪያ ሙሉውን ስለሚወርድ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አንዴ አውርዳችሁ ቤት ያለ ዳታ ታነቡታላችሁ።