ያገለገለ ቲንክፓድ ቲ480 ለአነስተኛ ድርጅት

ደብረ ብርሃን ላይ ቢሮ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ መሸጫ ላለው ድርጅታችን ኮምፒውተር ሲመረጥ፣ ከማሽኑ ዋጋ አስቀድሞ የታየው የሂሳብ ሠራተኛዋ የምትጠቀምበት ፕሮግራም ነው። ዛሬ ሴጅ 50 በሚል ስም የሚሸጠው ፒችትሪ የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ በመሆኑ የእርሷ ጉዳይ ወዲያው ተቋጨ፤ ክርክሩ የነበረው ደብዳቤና ፕሮፎርማ የሚያዘጋጁት ሌሎች ሠራተኞች ምን ይጠቀሙ በሚለው ላይ ነበር።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ 8ኛውን ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያሉትን ብቻ ስለሚቀበል፣ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ ማየት ያለበት ከ«አይ5» ቀጥሎ ያለው ቁጥር በ8፣ በ9፣ በ10 ወይም ከዚያ በላይ መጀመሩን ነው። ዊንዶውስ 11 ተጭኖበት ማየት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ 6ኛና 7ኛ ትውልድ ላይም መስፈርቱን ዘልሎ መጫን ይቻላልና። የመረጥነው የሌኖቮ ላፕቶፕ፣ ቲንክፓድ ቲ480፣ ራሱ በአብዛኛው 8ኛ ትውልድ ቢሆንም 7ኛው ያለባቸው ስለሚገኙ ሞዴሉን አይቶ መርካት አይገባም።

ይህን ላፕቶፕ እንድመርጠው ያደረገኝ ባትሪው ነው። አንዱ ከውስጥ የተገጠመ፣ ሌላው ከኋላ የሚነቀል ሁለት ባትሪ ስላለው፣ መብራት በጠፋበት ሰዓት የውጭውን በተሞላ ሌላ ባትሪ መቀየር ይቻላል፤ ማሽኑም አይጠፋም። እርግጥ ያገለገለ ባትሪ እንደ ባለቤቱ አያያዝ ነው። ዊንዶውስ የሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት የፋብሪካውን አቅምና ዛሬ የሚይዘውን ጎን ለጎን ስለሚያሳይ፣ ሻጩ ይህን ሪፖርት ፊት ለፊት እንዲያወጣ መጠየቅ ይገባል።

ከሂሳብ ክፍሉ በቀር በሌሎቹ ላይ የተጫነው በዊንዶውስ ፋንታ የሚያገለግለው ሥርዓተ ክወና ሊኑክስ ሚንት 22 ነው። ነፃ ነው፤ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ይደረግለታል፤ ከፎቶ ኮፒ ቤት በፍላሽ የሚመጣው የዊንዶውስ ቫይረስም አይሠራበትም። አማርኛ ኪማን በተባለው የመክተቢያ ፕሮግራም ያለችግር ይጻፋል። ያስቸገረው የቀድሞው ማኅደራችን ነው፦ ዩኒኮድ (የፊደላት ዓለም አቀፍ መለያ) ባልሆኑት የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፉት ደብዳቤዎች ፎንቱ በሌለበት ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናሉ። ብዙ የቆየ ሰነድ ያለው መሥሪያ ቤት ፎንቱን ሳይጭን ወይም ሰነዱን ሳያስለውጥ ወደ ሊኑክስ ባይሻገር ይሻለዋል። በወርድ ፋንታ የምንጠቀምበት ሊብሬኦፊስም የወርድ ሰንጠረዦችን አንዳንዴ ስለሚያዛባ፣ ፕሮፎርማ ለደንበኛ የሚላከው በፒዲኤፍ ብቻ ነው።

ደካማ ጎኑ ስክሪኑ ነው። የምስል ነጥቦቹ 1366 በ768 የሆነው የግዕዝ ፊደላትን ጥቃቅን ቅጥያዎች አጥርቶ ስለማያሳይ፣ ጨምሮም ቢሆን 1920 በ1080 የሆነውን መግዛት ይመረጣል። የሸዋ ሮቢቱ ማሽን በሙቀቱና በአቧራው ምክንያት ማራገቢያው ቶሎ ቶሎ መጽዳት አለበት፤ ደብረ ብርሃን ላይ ግን ድምፁ እንኳ አይሰማም።

የዚህ ሞዴል የታወቀ ችግር በቀድሞው የተንደርቦልት ፈርምዌር (መሰኪያውን የሚመራው ውስጣዊ ፕሮግራም) ምክንያት የዩኤስቢ ሲ መሰኪያው መበላሸቱ ነው። ሌኖቮ ማስተካከያ አውጥቷል፤ አስቀድሞ የተበላሸው ግን ብዙ ጊዜ የቦርድ ጥገና ይፈልጋል። ሻጩ ያለው አዲስ አበባ፣ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ በመሆኑ፣ መሰኪያውን በቻርጀርም በፍላሽም እዚያው ሱቁ ውስጥ ሳይፈትኑ ገንዘብ መክፈል አይገባም።