ከጄኔቫ ወደ ሻሞኒ፦ ለእናቴ ልደት የገዛሁት የአንድ ቀን ጉዞ

ከጄኔቫ ተነሥቶ ድንበር በማቋረጥ በሞን ብላን ተራራ ሥር ወዳለችው የፈረንሳይ ከተማ ሻሞኒ የሚወስደውን የአንድ ቀን ጉብኝት የገዛሁት ለእናቴ የልደት ስጦታ እንዲሆን ነው። ቦታው ለስጦታ ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል፤ ጉብኝቱን የሸጠልን ድርጅት ሰዓቱን የከፋፈለበት መንገድ ግን ለቦታው የሚመጥን ሆኖ አላገኘሁትም። ስለዚህ ተራራውንና የበረዶ ግግሩን ለማንም ሰው ስመክር፣ የጉብኝት ጥቅሉን የምመክረው ግን በቅድመ ሁኔታ ነው።

ስለ መንገዱ ብዙ የሚባል ነገር የለም። ሻሞኒ ከጄኔቫ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ አውቶቡሱ የአርቭን ወንዝ ሸለቆ ተከትሎ ከአንድ ሰዓት ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ያደርሳል። ስዊዘርላንድም ሆነች ፈረንሳይ በሸንገን ስምምነት ውስጥ በመሆናቸው አንድ ቪዛ ለሁለቱም ያገለግላል፤ ሆኖም ድንበሩ ላይ አልፎ አልፎ ፍተሻ ስለሚኖር ፓስፖርትን ሆቴል ጥሎ መሄድ አያዋጣም። ሻሞኒ ውስጥ መገበያያው ዩሮ ነው።

የጉብኝቱ የመጀመሪያ ክፍል ከከተማዋ መሃል ኤግዊ ዱ ሚዲ ወደተባለው የተራራ ጫፍ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚወጣው ኬብል ካር ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ሥራ የጀመረው ይህ መስመር 1,035 ሜትር ላይ ከምትገኘው ሻሞኒ ተነሥቶ፣ 2,317 ሜትር ላይ ካለው መካከለኛ ጣቢያ ወደ ሌላ ኬብል ካር አዛውሮ፣ በ20 ደቂቃ ገደማ 3,777 ሜትር ላይ ያወጣል። ከዚያ በኋላ በዐለት ውስጥ በተፈለፈለ ጉድጓድ የሚያልፍ አሳንሰር 3,842 ሜትር ላይ ወዳለው ሰገነት ያደርሳል። ሁለተኛው የገመድ ክፍል በመካከሉ አንድም ምሰሶ ስለሌለው ኬብል ካሩ ባዶ አየር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ወደ ገደሉ ግድግዳ ሲጠጋ ተሳፋሪው ሁሉ ጸጥ ይላል፤ ከፍታ የሚፈራ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ መልካም ነው። ከላይ የሚታየው ሞን ብላን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በተደረገው ልኬት 4,805.59 ሜትር የሆነው ይህ ተራራ፣ እ.ኤ.አ. በ1786 ዣክ ባልማና ሐኪሙ ሚሼል ጋብሪኤል ፓካር ለመጀመሪያ ጊዜ ጫፉ ላይ የወጡበት ነው። ሰገነቱ ላይ ሆኖ ሲያዩት ክብ ነጭ ጉብታ እንጂ የሾለ ጫፍ ስለማይመስል፣ ብዙ ጎብኚዎች በአጠገቡ ያሉትን ሹል ዐለቶች እሱ መስለዋቸው ፎቶ ሲያነሡ አይቻለሁ።

በዚህ ከፍታ አየሩ የያዘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ካለው ከሁለት ሦስተኛ በታች ነው። እናቴ ደረጃውን ቀስ ብላ እየወጣች በየመታጠፊያው ቆም ማለት ነበረባት፤ ለወጣቱ ቀላል የሆነው ነገር በዕድሜ ለገፋ ሰው ወይም የልብና የሳንባ ሕመም ላለበት ቀላል አይደለም። አስጎብኚያችን ስለዚህ የተናገረው ነገር አልነበረም። በእኔ አመለካከት ከትኬቱ ጋር አብሮ ሊነገር የሚገባው የመጀመሪያው ማሳሰቢያ ይህ ነበር።

ለእኔም ለእናቴም ከሁሉ የበለጠብን ግን ሁለተኛው ክፍል፣ ማለትም ሜር ደ ግላስ የተባለው የበረዶ ግግር ነው። ወደዚያ የሚያደርሰው እ.ኤ.አ. በ1909 የተመረቀው የሞንታንቬር ባቡር ሲሆን፣ በባለጥርስ ሐዲድ ደኑን ሰንጥቆ 1,913 ሜትር ላይ ይወጣል። ከጣቢያው ሰገነት ወደ ሸለቆው ቁልቁል ስንመለከት እናቴ፣ «ልጄ፣ ታዲያ በረዶው የታለ?» አለችኝ። አልተሳሳተችም፤ የግግሩ የታችኛው ክፍል በድንጋይና በአሸዋ ተሸፍኖ ግራጫ ስለሆነ በመጀመሪያ እይታ የተቆፈረ የድንጋይ ካባ ይመስላል። በረዶው መሆኑን ያመነችው በውስጡ በተፈለፈለው ዋሻ ስንገባ ነው። እዚያ ግድግዳው ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፤ ለብዙ ዘመን የተጨመቀው በረዶ ከብርሃን ውስጥ ቀዩን ክፍል ይውጥና ሰማያዊውን ያሳልፋል። ጓንቷን አውልቃ መዳፏን ግድግዳው ላይ አስደግፋ በውስጡ የታሰሩትን ጥቃቅን የአየር አረፋዎች ስትመረምር፣ ከጣራው የሚንጠባጠበው ውኃ የካፖርቷን ትከሻ አርሶት ነበር። ግግሩ ሳያቋርጥ ወደ ታች ስለሚንሸራተት ዋሻው በየዓመቱ እንደ አዲስ ይፈለፈላል።

የግግሩ መቅለጥ በዚህ ቦታ ከማንኛውም ሥዕላዊ መግለጫ በላይ ጉልህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ከባቡር ጣቢያው ወደ ታች የሚያወርደው የቀድሞው የገመድ መስመር ሲሠራ በረዶው ላይ ለመድረስ ሦስት ደረጃ መውረድ ብቻ ይበቃ ነበር። በረዶው እየሳሳ በሄደ ቁጥር ደረጃ ሲቀጠል ኖሮ በመጨረሻ ከ500 በላይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2024 በሸለቆው ላይኛው ክፍል አዲስ መስመር የተከፈተው በዚህ ምክንያት ነው። እናቴ ዋሻውን ለማየት የበቃችው በአዲሱ መስመር ነው፤ በአሮጌው ቢሆን ኖሮ ጉልበቷ ስለማይፈቅድላት ከላይ ሆና ከማየት አታልፍም ነበር።

ቅሬታዬም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ድርጅቱ ጠዋቱን በሙሉ ለኬብል ካሩ ሰጥቶ፣ ለበረዶ ግግሩ የተወው ከምሳ በኋላ የተረፈውን ቁራጭ ሰዓት ነበር። ከዋሻው ወጥተን ድሩና ግራንድ ዦራስ የተባሉትን ተራሮች በእርጋታ ለማየት በተዘጋጀንበት ቅጽበት የመመለሻው ባቡር ጥሪ ደረሰን። ምሳውም እንደዚሁ ጥድፊያ የበዛበት ስለነበር ስለ ምግቡ ጥሩም መጥፎም ለማለት አልችልም።

ስለዚህ በራሱ መሄድ የሚችል ሰው ከጄኔቫ በመደበኛው አውቶቡስ ቢሄድና ለሁለቱም መስመሮች የሚያገለግለውን የጋራ ትኬት እዚያው ቢገዛ፣ ሰዓቱን እንደ አቅሙ መመደብ ይችላል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ለመምረጥ የሚገደድ ሰው፣ በተለይ አብረውት የሚሄዱት አረጋውያን ከሆኑ፣ ሞንታንቬርን ይምረጥ እላለሁ። የልደት ቀን አይቀየርም፣ የተራራ አየር ደግሞ አይታመንም፤ ከፍ ያለ ነፋስ ሲነሣ ኬብል ካሩ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ሊዘጋ ይችላል፤ በኖቬምበር አካባቢም ለዓመታዊ ጥገና ይቆማል። ጥቅል የሚገዛ ሰው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ቀን መቀየር ወይም ገንዘብ ማስመለስ የሚቻል መሆኑን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ እኛ በገዛነው ጥቅል ውስጥ ሁለቱም አልነበሩም።